ከፓኮ የወጣች ሲጋራ፦ የአንዲት የጅማ ሱቅ ጉዳይ

የምሠራበት ፋርማሲ ከሂርማታ ገበያ ብዙም አይርቅም። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊታችን፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለች። ባለቤቷን ሰፈሩ «እትዬ» ይላቸዋል። ባጃጅ ነጂዎቹ ግን «ማዘር» ነው የሚሏቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ስለ ሱቃቸው እንደምጽፍ ነግሬያቸው «የሆነውን ጻፍ፣ ስሜን ብቻ ተወው» ብለውኛል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። በጅማ ክረምት ጠዋት የጀመረ ዝናብ እስከ ማታ ላያባራ ይችላል። በዚያ ወቅት እኛ ጋ የሚመጣው ብዙው ሰው ሳል ይዞት ነው።

አንድ ጠዋት አንድ ጋሼ መጡ። ጃኬታቸው ትከሻው ላይ ረጥቧል። ሳላቸው ገና በሩ ላይ ሳሉ ይሰማ ነበር።

«የሳል ሽሮፕ ስጠኝ ልጄ።»

«ከጀመረዎት ምን ያህል ጊዜ ሆነ?»

«ቆየ። ወር ሳይሆነው አይቀርም።»

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«አልፎ አልፎ። በቀን አራት አምስት ብትሆን ነው።»

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል በሽሮፕ ብቻ የሚታለፍ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ጤና ጣቢያ ሄደው ለቲቢ እንዲመረመሩ መከርኳቸው። «ሲጋራውንም ቢተዉት» አልኩ። «እሺ» አሉኝ። ይህን ምክር ሁልጊዜ የምሰጠው ቶሎ ቶሎ ነው፤ ከኋላ ሌላ ሰው ቆሟልና።

ሽሮፑን ኪሳቸው ከተው ወጡ። መንገዱን ተሻገሩ። እትዬ ሱቅ ደርሰው አንድ ጣታቸውን አሳዩ። እትዬ ከመደርደሪያው ሥር አንዲት የብስኩት ጣሳ አወጡ። ክዳኗን ከፍተው አንዲት ሲጋራ አቀበሏቸው። ከሱቁ ምሰሶ ላይ በሲባጎ የታሰረ ላይተር ተንጠልጥሏል። ጋሼ እሱን ሳብ አድርገው ለኮሱና እያሳሉ ሄዱ።

ይህን ከዚያ በፊት ስንቴ አይቼዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ዓይኔ ጣሳዋ ላይ ቀረ። ፓኮው የታለ? ፓኮው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያስ?

ወረቀቱ ላይ ያለው

ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ደካማ አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 11 ማስጠንቀቂያው ከፓኮው ዋና ገጽ 50 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ እንዲይዝ ይመክራል። ከ30 በመቶ ማነስ ግን የለበትም ይላል። የእኛው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከዚህ አልፎ ሄደ። ከፊትም ከኋላም 70 በመቶ አለ። ጽሑፍ ብቻም አይደለም፣ ከነፎቶው።

አዋጁ ሌላም አለው። ዕድሜው 21 ያልሞላው ሰው ሲጋራ አይሸጥለትም። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤትና በሥራ ቦታ ውስጥ አይጨስም። ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስም አይቻልም። ማስታወቂያ ተከልክሏል። ሺሻ፣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ጣዕም የተጨመረበት ሲጋራ፣ ሁሉም መሸጥ የለባቸውም።

ፎቶው ለምን እንዳስፈለገ ጅማ ላይ ቆሞ ላየ ሰው ግልጽ ነው። በገበያ ቀን ወደ ፋርማሲያችን ኦሮምኛ ተናጋሪው ይመጣል፣ አማርኛ ተናጋሪው ይመጣል። ከየም፣ ከዳውሮ፣ ከከፋ የመጣም አይጠፋም። ጨርሶ ማንበብ የማይችልም አለ። በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ለሁሉም አይደርስም። የታመመ ገላ ፎቶ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። አጫሽ ሰው በቀን ሃያ ጊዜ ፓኮውን ከኪሱ ካወጣ ሃያ ጊዜ ያየዋል ተብሎ ነው የታሰበው።

ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን አጫሹ ፓኮ ኪሱ ውስጥ አለው ብሎ ነው የሚነሳው።

ጣሳዋ

አንድ እሑድ ከሰዓት ፋርማሲው ሲዘጋ ሄጄ እትዬ ሱቅ ተቀመጥኩ። የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው መቀመጫ ሰጡኝ። እስኪመሽ ድረስ ቆየሁ።

ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የጫት ሰዓት ነው። ጫቱን በፌስታል ጠቅልሎ ያንጠለጠለ ሁሉ እዚያ ጋ ይቆማል። ውሃ፣ ለውዝ፣ ማስቲካ፣ «እና ሁለት ፍሬ»። ሲጋራ ተብሎ እንኳን አይጠራም፣ ፍሬ ብቻ ይበቃል። አንዳንዱ አራት ይወስዳል። አንዱ «ለመርቃና አንድ፣ ለጨብሲ አንድ» ብሎ ሁለት ወሰደ። እትዬ እስኪመሽ ሦስት ፓኮ ከፈቱ። በሙሉ ፓኮ የገዛ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከመኪና ሳይወርድ።

ፓኮ በከፈቱ ቁጥር የሚያደርጉትን አየሁ። ሃያውንም ፍሬ ጣሳዋ ውስጥ ይገለብጣሉ። ባዶውን ፓኮ በጥንቃቄ ይገነጥሉና በመዳፋቸው ያስተካክሉታል። የውስጡ ነጭ ገጽ ዱቤ መጻፊያ ነው። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ የባለዕዳው መጠሪያና ቁጥር አለ። ከጀርባው ፎቶው። ካርቶኖቹን በላስቲክ አስረው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጧቸዋል።

«ለምን ጣሳ ውስጥ ይጨምሩታል?» አልኳቸው።

«ፎቶው ያስጠላኛል። ዳቦ እሸጣለሁ እኮ፣ አጠገቡ እንዴት ይቀመጣል?»

ቤቴ ገብቼም ይህን መልስ ሳስበው አመሸሁ። ማስጠንቀቂያው ሠርቷል። እትዬ ላይ ሠርቷል። አይተው ዘግንኗቸዋል። ስለዘገነናቸውም ከዓይን አርቀውታል። የማያጨሱ ሴትዮ ማስጠንቀቂያውን ተቀብለው ሲጋራውን ብቻ ለአጫሹ ያቀብላሉ።

ከእሳቸው ሌላ ፎቶውን በየቀኑ የምታይ ሰው አለች። የልጅ ልጃቸው ናት፣ ሁለተኛ ክፍል። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ሱቅ ውስጥ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። መሳቢያውን ከፍተው የዱቤ ካርቶኖቹን ሲያሳዩኝ አንዱን አንስቼ ገለበጥኩት። ፎቶው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሣለ ነገር አለ። መስመሮቹ አግድም ናቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ። ሌላውን ገለበጥኩ። እሱም ላይ አለ።

«ሚጣዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፋሻ» አለችኝ። «እንዳያመው።»

የኪኒኑ ፖስታ

እኔም በነጠላ እሸጣለሁ። ይህን ያስተዋልኩት በማግስቱ ሥራ ላይ ሆኜ ነው።

ኪኒን ከነሙሉ ካርቶኑ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። የታዘዘለትን ያህል ከስትሪፑ ቆርጬ እሰጣለሁ። ስቆርጥ የአጠቃቀም ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል። የሚያበቃበት ቀን አንዳንዴ ባልተቆረጠው ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ሙያዬ አንድ ነገር ያስገድደኛል። ትንሿ የመድኃኒት ፖስታ ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ እጽፋለሁ። ማንበብ ለማይችል በነጥብና በመስመር እሥላለሁ፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። መድኃኒቱ ከማሸጊያው ሲለይ መረጃው አብሮት እንዲሄድ ነው ይህ ሁሉ።

የራስ ምታት ኪኒን እንዲህ ይሸኛል። ሲጋራ በባዶ እጅ ይሄዳል። ጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በዓመት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል። በዚህ መጠን የሚገድል ነገር ከማሸጊያው ተነጥሎ፣ ምንም ሳይባልበት፣ ከብስኩት ጣሳ ይወጣል።

ስምምነቱ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። አንቀጽ 16 አገሮች ሲጋራን በነጠላ ወይም በትናንሽ ፓኮ መሸጥን ለመከልከል እንዲጥሩ ይላል። ምክንያቱን ሲጠቅስ ዋጋው ለልጆች እንዲቀል ማድረጉን ነው የሚያነሳው። እኔ ግን ጅማ ላይ ያየሁት ሁለተኛ ጉዳት ነው። አንቀጽ 16 ካልተጠበቀ አንቀጽ 11 አብሮ ይወድቃል። ፓኮው ላይ የተለፋው ሁሉ ከሱቁ ደጃፍ አያልፍም።

ግብሩም ቢሆን እዚያው ነው ጉልበቱ የሚደክመው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በሃያ ፍሬ ፓኮ ላይ 30 በመቶ እና 8 ብር ጣለ። ስምንቱ ብር ለሃያ ሲካፈል በአንዲት ፍሬ 40 ሳንቲም ነው። ሙሉ ፓኮ የሚገዛ ሰው ጭማሪው ይሰማዋል። በፍሬ የሚገዛው ብዙም አይደነግጥም። «ዋጋ ሲጨምር ሁለት ቀን ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል» ይላሉ እትዬ።

የእትዬ ሒሳብ

ሁሉን ነገር ነገርኳቸው። ስለ ፖስታዬ፣ ስለ ጣሳቸው፣ ስለ ጋሼ። ቁጭ ብለው ሰሙኝ። እትዬ ሰው ሲያወራ አያቋርጡም።

ከዚያ ሒሳቡን አስረዱኝ። በአንዲት ሲጋራ የሚያተርፉት ሳንቲም ነው። ግን ሲጋራ ሰው ይጠራል። ለሲጋራ የቆመ ማስቲካ ይገዛል፣ ሶፍት ይገዛል፣ የሞባይል ካርድ ይሞላል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱን የያዘችው ይህች ሱቅ ናት። የልጅ ልጃቸው ደብተርና ዩኒፎርም ከዚህ ነው የሚወጣው።

«አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪ ነኝ ያለ ልጅ መጥቶ በነጠላ አትሽጪ ብሎኛል» አሉ። «እሺ አልኩት። ታዲያ ልጁ ተመልሶ አልመጣም። እኔ ብተው ከታች ያለው ሱቅ ይሸጣል። እሱ ቢተው ሱቅ በደረቴው ይሸጣል።»

የተናገሩት ትክክል ነበር። ደግሞም ሕጉን ለማስከበር ከሁሉ ቀድሞ የሚቀጣው ሰው እሳቸው ይሁኑ ማለት አልሆንልህ አለኝ። ሲጋራውን ያመረተው፣ ያከፋፈለው ሁሉ ከእሳቸው በፊት አለ።

ሆኖም ፋሻዋን አነሳሁባቸው። የልጅ ልጃቸው የሣለችውን። ዝም አሉ። ካርቶኖቹን ከላስቲኩ አውጥተው አንድ በአንድ ገለበጧቸው። አብዛኞቹን አይተዋቸው አያውቁም ነበር፤ እሳቸው የሚያዩት የዱቤውን ገጽ ነው።

«እሺ፣ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

አውራ ጣቱን እይ

ያደረግነው ነገር ትንሽ ነው። ጣሳዋ ለስኳር ሆነች። ሲጋራው ከፓኮው አይወጣም። ገዢ ሲመጣ እትዬ ፓኮውን ከፍተው፣ ፎቶውን ወደ ገዢው አዙረው ይዘረጋሉ። «ራስህ አውጣ» ይላሉ። በቃ። ምክር የለም፣ ቁጣ የለም። አንድ ፍሬ ለማውጣት ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ያቺን ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው የፈለግናት።

መጀመሪያ ቀን እኔ ከፋርማሲው መስኮት እያየሁ ነበር። የመጀመሪያው ሰውዬ ጨርሶ ሳያይ አወጣ። ሁለተኛውም። ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ማታ ላይ ሄጄ ስጠይቃቸው እትዬ ፈገግ አሉ።

«አንተ ፊታቸውን ነው የምታየው» አሉኝ። «አውራ ጣታቸውን እይ።»

በማግስቱ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። እውነት ነው። ሰዎቹ ፓኮውን ሲቀበሉ አውራ ጣታቸው ፎቶው ላይ ያርፋል። ቦታው ሰፊ ነው፣ 70 በመቶ ነው፣ በአንድ ጣት አይሸፈንም። ግን ጣቱን ያንቀሳቅሱታል፤ የሚያስጠላውን ቦታ ፈልገው ይከድኑታል። ያላየ ሰው የት ጋ እንደሚከድን አያውቅም። አንዳንዱ ፓኮውን ይገለብጠዋል፤ ከጀርባም ፎቶ ይጠብቀዋል። አንዱ የጫት ደንበኛ «ማዘር፣ ጣሳዋ የት ሄደች?» ብሎ ጠየቀ። «ስኳር ገባባት» አሉት።

ጋሼ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። አንድ ጣት አሳዩ፣ እንደ ልማዳቸው። እትዬ ፓኮውን ዘረጉላቸው። ጋሼ ተቀበሉና ቆሙ። ከደረት ኪሳቸው መነጽር አውጥተው አደረጉ። ፊቱን አዩ፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ይሄ ነገር ድሮም ነበረበት?»

«ድሮም ነበረበት ጋሼ፣ ዓመታት ሆነው» አልኳቸው።

እኚህ ሰው ከወጣትነታቸው ጀምሮ አጫሽ ናቸው። ድሮ በፓኮ ይገዙ እንደነበር ነገሩኝ። ጡረታ ሲወጡ በፍሬ ሆነ። ፎቶው ሲመጣ እሳቸው ፓኮ መያዝ ትተዋል። በመላ አገሪቱ የታወጀ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በየቀኑ አራት አምስት ሲጋራ የሚያጨሱት ሰው አይተውት አያውቁም።

ያን ቀን ፓኮውን መልሰው ሳይገዙ ሄዱ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልሆነም። አንድ አወጡ፣ ከፈሉ፣ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በሳምንቱ ግን ፋርማሲ መጡ። ጤና ጣቢያ ሄደው አክታ ሰጥተዋል። ቲቢ አይደለም ተብለዋል። ሐኪሙም ስለ ሲጋራው ተናግሯቸዋል። «አሁን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው» አሉኝ። ልክ የኪኒን ትእዛዝ ይመስል ነበር አነጋገራቸው።

«የሚረዳኝ መድኃኒት የለህም?» ሲሉኝ ግን አፈርኩ። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እኔ መደርደሪያ ላይ የለም። ሲጋራ በየሃያ እርምጃው ይገኛል፣ ማቆሚያው ፋርማሲዬ ውስጥ የለም። ይህ ያናድደኛል። ፎቶ አሳይቶ ማስደንገጥ ግማሽ ሥራ ነው። የደነገጠው ሰው ወዴት ይሂድ?

ላይተሩ

ሁለተኛው ነገር ላይተሩ ነበር። ይህን እትዬ ራሳቸው ናቸው ያሰቡት። ሰው እዚያው ለኩሶ የመጀመሪያውን ጭስ የሚተፋው ወደ ሱቁ ነው። ልጅቷ ደግሞ ከውስጥ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ሲባጎውን በመቀስ ቆረጡት።

ይህ ከፎቶው በላይ አስቆጣ። ሰዉ ለካ ከሲጋራው እኩል ላይተሩን ለምዷል። የተወሰነው ክብሪት መግዛት ጀመረ። የተወሰነው ለኩሶ የሚመጣ ሰው ይጠብቃል። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ተሻግሮ እኛ ፋርማሲ ጣራ ሥር መቆም ጀመረ። ጭሱ ወደ እኛ ገባ። ሕፃን ያዘሉ እናቶች የሚቆሙበት በር ነው። ወጥቼ በትሕትና ለመንኳቸው፣ ወረቀትም ለጠፍኩ። አሁንም በዝናብ ቀን አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም።

ዕድሜው ላይ ግን እትዬ የማያወላዱ ሆኑ። ከዚያ በፊት ልጅ ተልኮ ሲመጣ ይሰጡ ነበር፤ «ለጋሼ ነው» ካለ አለቀ። አሁን «ጋሼ ራሱ ይምጣ» ይላሉ። ጢሙ ገና ያልወጣ ተማሪ ሲመጣ መታወቂያ ይጠይቃሉ። አንዱ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ እኮ ማዘር» አላቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። «ሁለት ዓመት ጠብቅ፣ እስከዚያ ትረሳዋለህ» ብለው ማስቲካ ሸጡለት።

ክርክሩ

ከሁሉም ጠንክሮ የሞገተኝ አንድ ባጃጅ ነጂ ነው። ሠላሳ ቢሆነው ነው። የሱቋ የቆየ ደንበኛ ነው፤ ዱቤም አለበት።

«በፍሬ የምገዛው እኮ ለመቀነስ ነው» አለኝ። «ፓኮ ኪሴ ካለ እስከ ማታ ያልቃል። በፍሬ ስገዛ ግን መንገድ ላይ ቆሜ፣ ባጃጅ አቁሜ፣ ከፍዬ ነው። ይሰለቸኛል። ነጠላ ይከልከል ስትል ሙሉ ፓኮ ግዛ እያልከኝ ነው።»

መልስ ፈልጌ ቸገረኝ። ለእሱ እውነት ነው። ለመቀነስ ለቆረጠ ብዙ አጫሽም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን በስንት ዓመቱ እንደጀመረ፣ የመጀመሪያዋንም እንዴት እንዳገኛት ጠየቅኩት። አሰበ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ፣ ከጓደኞቹ ጋር ብር አዋጥተው፣ ሦስት ፍሬ ለአምስት ሰው።

«ሙሉ ፓኮ ቢሆን ትገዙ ነበር?»

«ከየት አምጥተን?»

እዚህ ላይ ተስማማን ማለት አይደለም። እሱ አሁንም በፍሬ መግዛት ይሻለኛል ይላል። እኔም ለእሱ ብቻ ሕግ ቢወጣ ኖሮ ምናልባት እስማማ ነበር። ግን ዘጠነኛ ክፍል ያለው ልጅ የሚጀምረው በዚያች ፍሬ ነው፤ በፓኮ የጀመረ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የሁለቱን ጥቅም ሳመዛዝን ከልጁ ጋር እቆማለሁ።

ካናዳ ለዚህ አንድ ነገር ሠርታለች። ፎቶን ፓኮ ላይ በማስቀመጥ ከዓለም የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2001። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ማስጠንቀቂያው በእያንዳንዷ ሲጋራ ወረቀት ላይ እንዲታተም ደንብ አወጣች። አንደኛው ጽሑፍ በእያንዳንዱ ስበት መርዝ አለ የሚል ነው። ሲጋራው ከፓኮ ቢወጣ፣ ጣሳ ውስጥ ቢገባ፣ ከጓደኛ ቢለመን ጽሑፉ አይለየውም። ይህን ለባጃጅ ነጂው ስነግረው ለአፍታ ዝም አለ። «አፌ ላይ?» አለ። አፉ ላይ።

ነጠላ ሽያጭ እንደ እኛ አገር ለገነነበት ቦታ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ሐሳብ አላየሁም። በአማርኛና በኦሮምኛ ሁለት ሁለት ቃል ቢበቃ ነው። ተቆጣጣሪ በየሱቁ እስኪደርስ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ፋብሪካው በር ላይ ያልቃል።

ፓኮውንም ሲጋራውንም የሚያመልጥ ነገር ግን አለ። አንድ ቀን ፌስታል የያዘ ሰው መጥቶ ለእትዬ ስቴካ አወጣ። የኮንትሮባንድ ነው። ሜንቶል ነው፣ ፎቶ የለበትም፣ ጽሑፉም ባዕድ ነው። ፓኮው ያምራል፤ ሽቶ የሚያዝ ይመስላል። እትዬ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ወስደው እንደሚያውቁ አልደበቁኝም። ያን ቀን መለሱት። ከታች ያለው ሱቅ ግን ወሰደ። በሳምንቱ «ፎቶ የሌለውን የለዎትም?» የሚል ደንበኛ መጣባቸው። በገጠሩ ደግሞ ጋያ አለ፤ ሽማግሌዎች በውሃ የሚስቡት። እሱ ድሮም ፓኮ ኖሮት አያውቅም።

አሁን ያለበት

ይህን ስጽፍ አራተኛ ወሩን ይዟል። እትዬ አሁንም ሲጋራ ይሸጣሉ። በፊት በቀን ከሚከፍቱት ፓኮ አንድ ያህል ቀንሷል ይላሉ። ምን ያህሉ ቀንሶ፣ ምን ያህሉ ከታች ወዳለው ሱቅ ሄዶ እንደሆነ ግን መለየት አይቻልም። ያኛው ሱቅ ጣሳ አለው፣ ላይተርም አለው። «ደንበኛ እየሸሸኝ ነው፣ ምን ይሻላል ዶክተርዬ?» ብለው ጠይቀውኛል። መልስ አልነበረኝም። ለሁሉም ሱቅ እኩል የሚደርስ ቁጥጥር እስካልመጣ ድረስ ደህና የሠራው ሰው ነው የሚከስረው። እሳቸው የከሰሩትን በከፊል በክብሪትና በእንቁላል ተክተዋል። እንቁላሉ አዲስ ነው፤ ጣሳዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ነው የሚደረደረው።

ዱቤ መጻፊያው አልተቀየረም። አሁንም የፓኮ ካርቶን ነው። ልጅቷም ፋሻዋን መሣል አልተወችም።

ባለፈው ቅዳሜ ባጃጅ ነጂው ዕዳውን ሊዘጋ መጣ። እኔ እንቁላል ልገዛ ቆሜ ነበር። ብሩን ቆጥሮ ሰጠ። እትዬ ላስቲኩን ፈትተው ካርቶኑን አወጡና እንዲቀደው ሰጡት። ሊቀድ ሲል ገለበጠው።

«ይሄን ማን ሣለው?»

«የልጅ ልጄ ናት።»

«ምንድን ነው?»

«ፋሻ ነው» አሉት። «እንዳያመው ብላ።»

አልቀደደውም። ባጃጁ ውስጥ ገብቶ መስተዋቱ ሥር ሰካው። ትናንት ከገበያ ሲመልሰኝ እዚያው ነበር፤ ጠርዙ በዝናብ ትንሽ ተጠቅልሏል። እትዬ ሱቅ ሲደርስ አቆመና ሁለት ፍሬ ገዛ።